የጠነከረ ፔዳል፦ ከቤንዚን ወደ ናፍጣ በተቀየረ ሃይሉክስ ላይ የደረሰ
ስልኩ የተደወለው ከእንጦጦ ቁልቁለት፣ ሽሮ ሜዳ ሳይደረስ ነው። «ጋሼ፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኗል፤ ብረግጠው ብረግጠው መኪናው አይቆምልኝም» አለ ሾፌሩ ለጋራዡ ዋና ሜካኒክ። ሲደውል መኪናው ቆሟል። ያቆመው ግን ፍሬኑ አይደለም። ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ የቀኝ ጎማዎቹን ከመንገዱ ዳር የአፈር ግድግዳ ጋር እያሻሸ ነው ያቆመው። ሰው አልተጎዳም። የቀኙ ፓራፋንጎ ተጨማደደ፣ የፊት መብራቱም ተሰበረ።

መኪናው ባለሁለት ጋቢና የቶዮታ ሃይሉክስ ፎር ዊል ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ባለ ካርቡሬተሩ 22አር የቤንዚን ሞተር፣ 2,366 ሲሲ ነበር። በምትኩ 2,779 ሲሲ የሆነው 3ኤል የናፍጣ ሞተር ገባ። ምርጫው ትክክል ነበር። 3ኤል ኮምፒውተር የሌለው፣ ቱርቦ የሌለው፣ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው ፖምፓው ሜካኒካል የሆነ ሞተር ነው፤ መለዋወጫውም ክፍለ ሀገር ድረስ ይገኛል። ለአስቸጋሪ መንገድ እንዲሆን ሻንሲው በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጓል፣ ባለ 31 ኢንች ጎማ ታስሯል፣ የአየር መሳቢያውም እስከ ጣሪያ ድረስ ወጥቷል። ብየዳው ንጹሕ ነው። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሞተሩ ጋር አብሮ ስለተገዛ ቮላኖና ፍሪሲዮን ላይ ማስተካከያ አላስፈለገም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ግማሹን ራስ ምታት የሚያስቀረው ይኸው ነው።

ስህተቱ መኪናው ከጋራዡ ከመውጣቱ በፊት ራሱን አሳይቶ ነበር። ከፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየሩ ተነፍሶ ወጥቶ፣ ፔዳሉ ሲሞከር ከላይ ያዘ፣ ጠነከረም። በጋራዡ ግቢ ውስጥ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳም ቆመ። ሁሉም ደስ አለው። ሜካኒክ የሚፈራው ለስላሳውን፣ እስከ ወለል የሚሰምጠውን ፔዳል ነው፤ ጠንካራ ፔዳል ሲያገኝ «አሪፍ ይዟል» ይላል። ፔዳል የሚጠነክርበት ምክንያት ግን ሁለት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ አየር ስለሌለ ወይም የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ ስለማይሠራ። እግር ሁለቱን አይለይም። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሰው ጉልበት ብቻውን መኪናውን ያቆመዋል። ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲሆን ግን ጉልበት አይበቃም።

ሰርቮ የሚሠራው በቫኪዩም ነው፤ አየር ተስቦ ሲወጣ በሚፈጠረው ባዶነት ማለት ነው። ውስጡ በጎማ ሽፋን ለሁለት የተከፈለ ጣሳ ነው። በአንዱ በኩል አየሩ ይሳባል። ፔዳሉ ሲረገጥ በሌላው በኩል የውጭ አየር ይገባና ሽፋኑን ይገፋል፤ ያ ግፊት ነው የእግርን ጉልበት የሚያበዛው። የቤንዚን ሞተር ይህን ቫኪዩም በነጻ ይሰጣል። ካርቡሬተሩ ላይ ያለው የአየር በር በሚኒሞ ጊዜ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሊዘጋ ምንም ስለማይቀረው፣ ፒስተኖቹ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያስገባው ማኒፎልድ አየር እየሳቡ ባዶ ያደርጉታል። ከማኒፎልዱ ወደ ሰርቮው አንድ ቱቦ መዘርጋት ብቻ ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ ያ በር የለም። ፍጥነቱ የሚወሰነው በሚረጨው ናፍጣ መጠን እንጂ በሚገባው አየር አይደለምና ማኒፎልዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። እዚያ ላይ ቱቦ ቢገጠም የሚገኘው ቫኪዩም ከዜሮ አይርቅም።

እዚህ መኪና ላይ የተደረገው ግን ያው ነው። ማኒፎልዱ ተበስቶ፣ ትንሽ የቱቦ አፍ ተበይዶበት፣ የድሮው የሰርቮ ቱቦ በክላምፕ ታስሮበታል። ለዓይን የፋብሪካ ሥራ ይመስላል።

እንዴት እዚህ ተደረሰ ቢባል፣ ነገሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ግዢ ነው። 3ኤል ላይ የቫኪዩም ፓምፑ የተቀመጠው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው፤ የዲናሞው ዘንግ በኋላ በኩል ወጥቶ ያሽከረክረዋል። የተገዛው ያገለገለ ሞተር ዲናሞ አልነበረውም፤ ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ለብቻው ይሸጣልና። ከቤንዚኑ ሞተር የወረደው ዲናሞ ደህና ስለነበር፣ መያዣው ትንሽ ተስተካክሎ እሱው ታሰረ። ቻርጅ አደረገ፣ ቺንጋውም ቀጥ ብሎ ሄደ። ከኋላው ግን ፓምፕ የለውም። የሰርቮው ቱቦ መሄጃ ሲያጣ ማኒፎልዱ ላይ ተበየደ። ብሎኩ ጎን ላይ ደግሞ ባዶ የዘይት መመለሻ አፍ ቀርቶ፣ በቡሽ ተደፍኗል። ያንን ቡሽ የደፈነ ሰው «ይህ አፍ ለምን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መኪናው እንጦጦ ላይ ችግር አይገጥመውም ነበር።

መፍትሔው ባለ ፓምፕ ዲናሞ ነው። ይሁን እንጂ ገዝቶ ማሰር ብቻውን አይበቃም፤ ፓምፑ ሦስት መስመር አለው፣ ሦስቱም በትክክል መግጠም አለባቸው። አንደኛው ወደ ሰርቮው የሚሄደው የቫኪዩም ቱቦ ነው። ቱቦው ሲሳብ የማይጣበቅ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው መሆን አለበት፤ የራዲያተር ቱቦ ቁራጭ አይሆንም። የአንድ አቅጣጫ ቫልቩም አየር ከሰርቮው ወደ ፓምፑ ብቻ በሚያሳልፍበት አቅጣጫ መግባት አለበት፤ በአፍ ሲነፋ በአንድ በኩል ብቻ ማሳለፉን ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለተኛው ቀጭኑ የዘይት መግቢያ ነው። ከብሎኩ ግፊት ያለው ዘይት ያመጣል፣ መሃሉ ክፍት በሆነ ብሎን ይታሰራል፣ በሁለቱም ጎን አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ይገባበታል። ዘይት ካላገኘ በፓምፑ ውስጥ የሚንሸራተቱት ክንፎች ደርቀው ይፋቃሉ። ስለዚህ ዲናሞው ከመታሰሩ በፊት ትንሽ የሞተር ዘይት በመግቢያው ጨምሮ በእጅ ማዞር ይገባል።

ሦስተኛው መስመር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፓምፑ ከሰርቮው የሳበውን አየር የሚያስወጣው ከዘይቱ ጋር ቀላቅሎ፣ በወፍራሙ መመለሻ ቱቦ ወደ ሞተሩ ሆድ ነው። ቱቦው ቀጭን ከሆነ፣ ከተጣመመ ወይም መሃሉ ላይ ሆዱን ከጣለ ዘይት ይጠራቀምበታል። መውጫ ያጣው ዘይት ፓምፑ ውስጥ ይሞላና የዘንጉን የዘይት ማገጃ ላስቲክ ገፍቶ ወደ ዲናሞው ይገባል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዲናሞው በዘይት ርሶ፣ ካርቦኑ ጭቃ ሆኖ ቻርጅ ያቆማል። ያኔ «ዲናሞው ደካማ ነበር» ይባላል፣ ጥፋተኛው ግን ቱቦው ነው። ከፓምፑ እስከ ብሎኩ ያለማቋረጥ ቁልቁል መውረድ አለበት።

ከተገጠመ በኋላ ሰርቮውን ለመፈተሽ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር አምስት ስድስት ጊዜ ይረገጣል። ከዚያ ረግጦ እንደያዙ ሞተሩ ይነሳል፤ ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል፤ ካላለ አይሠራም። አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ይህ መኪና ከግቢ ሳይወጣ ቢደረግለት ኖሮ ሁሉም ነገር ይታወቅ ነበር።

በጌጅ ለሚለካ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ። መመሪያ መጽሐፎች የሚሰጡት ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ እዚያ የአየር ግፊቱ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቱ 570 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፍጹም የሆነ ፓምፕ እንኳ ከ570 በላይ ሊያሳይ አይችልም። ጤነኛውን ፓምፕ «ከመጽሐፉ አነሰ» ብሎ መጣል አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ ሰርቮው ራሱ በከፍታ ላይ የሚሰጠው እርዳታ ከቆላው ያነሰ ነው፤ ቁልቁለቱ የሚጀምረውም ከደጋ ነው።

ሁለተኛ ማርሽ ብቻውን መኪናውን ለምን አልያዘውም የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው። «ናፍጣ ሞተር መኪና ይይዛል» የሚባለው በከፊል ብቻ እውነት ነው። ቤንዚን ሞተር እግር ሲነሳለት የአየር በሩ ይዘጋና ፒስተኖቹ ቫኪዩም እየሳቡ ይጨነቃሉ፤ መኪናውን የሚጎትተው ያ ጭንቀት ነው። ናፍጣው በር ስለሌለው ያመቀውን አየር ፒስተኑ ሲወርድ መልሶ ይለቀዋል፤ የተጨመቀ ስፕሪንግ እንደመልቀቅ ነው። የጭስ ማውጫ ፍሬን ያላቸው የጭነት መኪኖች የሚለዩት ለዚህ ነው። በተጨማሪም ባለ 31 ኢንቹ ጎማ ዲያሜትሩ 787 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተለመደው 205አር16 ደግሞ 742 አካባቢ። ልዩነቱ 6 በመቶ ነው፤ ሁሉም ማርሽ በ6 በመቶ ይረዝማል፣ ፍሬኑም መሬት ላይ በዚያው ልክ ይደክማል። ከቤንዚኑ ጋር በሁለተኛ ይወረድ የነበረው ቁልቁለት አሁን በአንደኛ ነው።

የቀሩት የቤንዚኑ ሞተር አገልግሎቶችም በዚሁ ዓይን ተቆጠሩ። የአርፒኤም ቆጣሪው ለካንዴላዎቹ የእሳት ብልጭታ ከሚሰጠው ቦቢና ምልክት ይቀበል ነበር፤ ቦቢና ስለሌለ ሞቷል። የናፍጣ መቁረጫው ሶሌኖይድ ሽቦ ከሬዲዮው መስመር ተወስዶ ነበር፤ ያ መስመር ሞተሪኖው ሲዞር ይጠፋልና ሞተሩ ያለ ናፍጣ ይዞራል። ቁልፉ ሲከፈትም ሞተር ሲነሳም ከማይቋረጠው መስመር መወሰድ አለበት። ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ላይ የተጻፈው ቮልት ከሪሌያቸው ጋር መስማማቱ ይታያል።

ጊዜ የበላው ግን የነዳጅ መስመሩ ነው። ቤንዚኑን ስቦ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገፋው በሞተሩ ላይ ያለ ፓምፕ ነበር፤ የ3ኤል ፖምፓም ናፍጣውን ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) ድረስ ራሱ ይስባል። የሚገፋ መስመር ሲቀደድ ያንጠባጥባል፣ ይታያል። የሚስብ መስመር ሲላላ ግን ናፍጣ አያፈስም፤ አየር ያስገባል፣ ምንም አይታይም። መኪናው ጠዋት ተነስቶ ከሦስት አራት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል፣ ሲለመን ይነሳል። ከፖምፓው በፊት ግማሽ ሜትር ነጭ የሚያሳይ ቱቦ ሲገባ፣ ትንንሽ አረፋዎች ተከታትለው ሲያልፉ ታዩ። አሮጌው የጎማ ቱቦ ክላምፑ ሥር ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። የጎማ መስመሩ በሙሉ ተቀየረ። ከፖምፓውና ከኢንጀክተሮቹ የሚተርፈው ናፍጣ ወደ ሰልባትዮው የሚመለስበት መስመርም ንጹሕና ክፍት መሆኑ ተረጋገጠ፤ የቤንዚኑ ቀጭን መስመር ከጠበበ መታለፍ የለበትም። ሰልባትዮው ወርዶ ታጠበ፣ ውኃ የሚለይ ፊልትሮም ተጨመረ።

የወረቀቱን ነገር ባለቤቱ ይዞታል፤ የሞተር ቁጥሩና የነዳጁ ዓይነት ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ቦሎ ሲታደስ ያስቸግራል፣ ለዚህም የሞተሩ ዲክላራሲዮንና የሽያጭ ደረሰኝ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው ሙከራ እንደገና እንጦጦ ላይ ተደረገ፣ ከላይ ጀምሮ በአንደኛ ማርሽ። ፔዳሉ ግማሽ ላይ ያዘ፣ እግርም ለስለስ ብሎ ተቀበለው። ታች ሲደረስ ኮፈኑ ተከፍቶ የመመለሻው ቱቦ በእጅ ተዳሰሰ፤ ሞቋል፣ ዘይት እያለፈበት ነው ማለት ነው። የዲናሞው ጀርባ ደረቅ ነበር። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና እንዲታይ በመስታወቱ ላይ ተጻፈ።