ፓሪስ ውስጥ በ18 ዩሮ ጠግቤ የወጣሁባት ቤት

ፓሪስ የገባሁ ቀን ምሳ የበላሁት ቱሪስት የሚርመሰመስበት አደባባይ ዳር ነው፣ ሜኑው በስድስት ቋንቋ ተጽፎ፣ የምግቡ ፎቶ በር ላይ ተለጥፎ፣ አስተናጋጁ መንገድ ላይ ወጥቶ ግቡ ግቡ እያለ። 31 ዩሮ ከፍዬ መሃሉ ያልሞቀ ላዛኛ በልቼ ወጣሁ። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ለዚህ ጉዞ ስንት ወር ነው ያጠራቀምኩት።

በነጋታው ፔር ላሼዝ ሄድኩ፣ በፈረንጆቹ 1804 የተከፈተው ትልቁ መቃብር፣ 20ኛው አሮንዲስማ (ክፍለ ከተማ እንደምንለው) ውስጥ። ዳገቱን ወጥቼ በላይኛው በር በጋምቤታ በኩል ስወጣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ዝናቡም ማካፋት ጀምሯል፣ እኔም ርቦኛል። ዋናውን መንገድ ትቼ አንዷ ጠባብ መንገድ ውስጥ ታጠፍኩና ሁለት ሦስት ደቂቃ እንደሄድኩ ቤቷን አገኘኋት። አስር የማይሞሉ ጠረጴዛዎች፣ ጨርቁ ላይ ነጭ ወረቀት የተነጠፈባቸው፣ አንድ ያረጀ ባንኮኒ፣ በር ላይ ደግሞ በጠመኔ የተጻፈ ጥቁር ሰሌዳ። በመስኮት አየሁ፣ ቀለም የነካው ቱታ የለበሱ ሁለት ሰዎች፣ ብቻቸውን ጋዜጣ እያነበቡ የሚበሉ አሮጊት፣ የቢሮ መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች። ሻንጣ የያዘ የለም፣ ካሜራ ያንጠለጠለ የለም። በቃ ገባሁ።

ሰሌዳው ላይ ያለው ሦስት ማስጀመሪያ፣ ሦስት ዋና ምግብ፣ ሁለት ጣፋጭ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ዋናው ብቻ ከሆነ 14 ተኩል፣ ሁለት ነገር ከሆነ 18፣ ሦስቱም ከሆነ 22 ዩሮ። ይሄንን ነው ፎርሙል የሚሉት፣ የሥራ ቀን ምሳ ላይ ነው የሚገኘው። ማታ እዛው ቤት ዋናው ምግብ ብቻ ከ20 ዩሮ በላይ ነው፣ የማታውን ሜኑ አይቼዋለሁ። ለምን እንደሚረክስ ደግሞ ኩሽናውን ስታዩ ይገባችኋል፣ አንድ ሰው ነው የሚሠራው፣ ምርጫው ትንሽ ስለሆነ የሚበላሽ ነገር የለም፣ ዋናው ምግብም ጠዋት በትልቅ ድስት ተጥዶ ቀስ እያለ የሚበስል ዓይነት ነው፣ ውድ ያልሆነው የሥጋ ክፍል ነው በረጅም ሰዓት የሚለሰልሰው። የሚበላው ደግሞ ነገም ተመልሶ የሚመጣ የሰፈር ሰው ነው፣ እሱን አንዴ ካስቀየሙት ጎረቤት ቤት ይሄዳል።

እኔ ብላንኬት ነበር ያማረኝ፣ የጥጃ ሥጋ በነጭ ሶስ ከሩዝ ጋር። ለሴትዮዋ በጣቴ ሳሳያት (እናቴ የምትሆን ሴት ነች፣ ቤቱ የራሷ ነው) ይቅርታ አለችኝና ሄዳ የሰሌዳውን መስመር በእጇ መዳፍ ጠረገችው፣ አለቀ ማለት ነው። እዛች ጋ ነው ቤቷን የወደድኳት፣ ገና ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ምግብ ካለቀ ዛሬ የተሠራ ነው፣ ከፍሪዘር የሚወጣ ነገር እንዲህ አያልቅማ። በሩ ላይ ደግሞ ድስት ሆኖ ክዳኑ የቤት ጣሪያ የሚመስል ምልክት ተለጥፏል፣ እሱ በፈረንጆቹ 2014 የመጣ ነው፣ ምግቡ እዛው ቤት ከጥሬው ተሠርቷል ማለት ነው፣ ስትዞሩ ፈልጉት።

ማስጀመሪያ እንቁላል በማዮኔዝ አዘዝኩ። ምን አለው እንዳትሉኝ። አስኳሉ ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ፣ መሃሉ ገና ለስለስ ያለ ብርቱካንማ፣ ማዮኔዙ ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚል፣ ማንኪያ ላይ ቆሞ የሚቀር ውፍረት ያለው። ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ጨረስኩት፣ አጠገቤ ያሉት ባለ ቱታዎችም እንደዛው ሲያደርጉ ስላየሁ ደስ ብሎኝ ነው የጠረግኩት። ከዛ በቀይ ወይን የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ከካሮትና ከድንች ጋር መጣ፣ ቢላ አላስፈለገውም፣ በሹካ ብቻ ነው የሚለያየው።

አንድ ነገር ግን እወቁ፣ ውሃ ስትፈልጉ "ካራፍ ዶ" በሉ። የቧንቧ ውሃ በጆግ ይመጣላችኋል፣ ከምግብ ጋር ነፃ ነው፣ ዳቦውም እንደዛው። ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ውሃው ነፃ እንደሆነ የመጻፍ ግዴታ ሁሉ አለባቸው። ዝም ብላችሁ ውሃ ካላችሁ የታሸገውን አምጥተው ሂሳቡ ላይ ብዙ ዩሮ ሊጨምሩባችሁ ይችላሉ፣ እኔ የመጀመሪያው ቀን የሆንኩት እሱን ነው። ሰርቪስም ዋጋው ውስጥ አለ፣ ሰሌዳው ላይ 18 ካለ የምትከፍሉት 18 ነው፣ ደስ ካላችሁ ሳንቲም ትታችሁ መውጣት ትችላላችሁ ግን ማንም አይጠብቅባችሁም። ሰዓቱን ደግሞ አደራ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ ኩሽናው ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ ብትለምኑም ቡና ብቻ ነው የምታገኙት። ቅዳሜና እሁድ እቺ ቤት ዝግ ነች።

አርብ ዕለት ሆቴሌ ከተማው ሌላ ጫፍ ሆኖ ሳለ በሜትሮ 3 ቁጥር መስመር ጋምቤታ ድረስ ተመልሼ ሄድኩ፣ ለአንድ ምሳ ብዬ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ነበርኩ። ሰሌዳው በሙሉ ተቀይሯል፣ ዓሣ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ከታች ደግሞ ብላንኬት። ሴትዮዋ ስታየኝ ሳቀችና ምንም ሳልናገር ጠመኔ በነካው ጣቷ የመጨረሻውን መስመር አሳየችኝ፣ እኔም አዎ አልኳት።