ፕላውደን የሚባለው ስም የበቀለበት ሸለቆ

የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ትንሽ ያነበበ ሰው ፕላውደን የሚለውን ስም ያውቀዋል። ዋልተር ፕላውደን፣ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው፣ የሊቀመኳስ ዮሐንስ ቤል ጓደኛ፣ በፈረንጅ 1860 ጎንደር አጠገብ በቴዎድሮስ ላይ ያመፀው የጋረድ ሰዎች በጦር ወግተውት የሞተው። እኔ ደሞ የጎንደር ልጅ ነኝና ስሙ ከልጅነቴ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለንደን ስኖር ግን ስሚዝ ሰልችቶኛል፣ ጆንስ ሰልችቶኛል፣ ፕላውደን የሚባል ሰው አንድም ቀን ገጥሞኝ አያውቅም። የት ሄዱ እነዚህ ሰዎች ብዬ ካርታ ላይ ስፈልግ ከሰው በፊት መንደር ወጣልኝ። ሽሮፕሻየር ውስጥ፣ የዌልስ ድንበር ጥግ፣ ፕላውደን። በቃ የዓመት ፈቃዴን ትንሽ ቀነስኩና ሄድኩ። (ስሙ ሽሮ ሽሮ ስላለ እንዳትታለሉ፣ አገሩ ሁሉ በግ ነው።)

ስለ ባቡሩ ብዙ አላወራም። ለንደን ካለው ዩስተን ጣቢያ ተነስቼ ክሩ የሚባል ጣቢያ ላይ ቀየርኩ፣ እዛ የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ስለደረሰ ሁለተኛው ጥሎኝ ሄደ፣ ቅዝቃዜ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተገተርኩ፣ ሻይ በካርቶን ኩባያ 3 ፓውንድ ምናምን ከፈልኩ፣ ክሬቨን አርምስ የምትባል ትንሽ ጣቢያ ስወርድ መሽቶ ነበር። እዛ ያለው አንድ ታክሲ ነው። አንድ ብቻ ስለሆነም ዋጋውን እሱ ነው የሚወስነው፣ ቢሾፕስ ካስል እስከምትባለው ከተማ 40 ፓውንድ አለኝ። ሜትር የለም፣ ድርድር የለም። "ሌላ ሰው ጠይቅ" አለኝ፣ ሌላ ሰው የለማ! መንገድ ላይ ጨለማ ውስጥ ሆነን "እዚህ ጋ ፕላውደን ነው" ብሎ በእጁ ወደ ግራ ጠቆመ፣ እኔ ያየሁት የመስታወቱን ዝናብ ብቻ ነው።

ያደርኩበት ቤት ስሙን አልጠራም። 85 ፓውንድ ከፍዬ ሂተሩ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ይጠፋል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይበራል፣ መሃሉን እንግዲህ እግዜር ያውቃል። ጃኬቴን፣ ካልሲዬን፣ ፎጣውን ሳይቀር ደርቤ ነው የተኛሁት። ባለቤቷን ጠዋት ስነግራት "ኦ፣ ብርድ ትፈራለህ እንዴ፣ ከሞቃት አገር ስለመጣህ ነው" አለችኝ። የጎንደርን የኅዳር ሌሊት ብታውቀው እንዲህ አትልም ነበር፣ ልዩነቱ እኛ ጋ ለብርዱ ገንዘብ አያስከፍሉም። ቀኑ ዓርብ ስለነበር ደሞ ቁርስ ላይ እንቁላል፣ ቤከን፣ ቋሊማ ቀርቦልኝ ሁሉንም ስመልስ በጣም ነው የከፋት። እንጉዳይና ባቄላ በልቼ ወጣሁ።

ከተማዋ ግን ደስ ትላለች። አንድ ቁልቁለት ጎዳና፣ አናቱ ላይ ማዘጋጃ ቤት፣ ጎኑ በእንጨት ምሰሶ ተደግፎ የቆመ ጎባጣ አሮጌ ቤት፣ ከ1642 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ጠላ ቤት (እነሱ ቢራ ይሉታል)። ከዛ በእግሬ ወደ ሊድበሪ ኖርዝ አቀናሁ፣ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ የእግረኛ መንገድ የለውም፣ ትራክተር በመጣ ቁጥር እሾኽ ውስጥ መለጠፍ ነው።

ሊድበሪ ኖርዝ የሄድኩት ለቤተክርስቲያኑ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ነው፣ የኖርማኖች ዘመን ሥራ፣ ወፍራም ግድግዳ። ውስጡ በስተሰሜን ያለው ክንፍ የፕላውደን ቻፕል (ትንሽ የጸሎት ቤት እንደማለት) ይባላል፣ በስተደቡብ ያለው ደሞ የዎልኮት ቻፕል፣ ከሱ በላይ ድሮ የመንደሩ ልጆች ይማሩበት የነበረ ክፍል አለ። አበባ የምታስተካክል አሮጊት አገኘሁና እዚህ ጋ ነገሩ ጣፈጠ። እንዴት መጣህ አለችኝ፣ በእግሬ አልኳት፣ በዚህ ዝናብ? ብላ ከቴርሞሷ ሻይ ቀዳችልኝ። ስለ ፕላውደኖች ስጠይቃት መቀሷን አስቀምጣ ቁጭ አለች።

እንደ ቤተሰቡ አፈ ታሪክ ሮጀር ደ ፕላውደን የሚባል ሰው በ1191 አክሬ (የዛሬዋ የእስራኤል አኮ) ከተማ ከበባ ላይ ነበር፣ የመስቀል ጦርነት ሄዶ፣ እዛ ተማርኮ ወይም ጭንቅ ላይ ሆኖ በሰላም ወደ አገሬ ከመለስከኝ ቻፕል እሠራልሃለሁ ብሎ ተሳለ፣ ተመለሰ፣ ስለቱን አገባ። በቤተሰቡ አርማ ላይ ያለው የአበባ ምልክትም ያኔ የተሰጠው ነው ይላሉ። የስለት ነገር እኛ ስለምናውቀው ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። እንግሊዝ ከሮም ስትለይ ፕላውደኖች እምቢ ብለው ካቶሊክ ቀሩ፣ ቤተክርስቲያኑ ግን ፕሮቴስታንት ሆነ። ቻፕላቸው ግን እዛው ውስጥ በስማቸው እንዳለ ነው። "ታዲያ አልተጣሉም?" ስላት "የኔ ልጅ፣ መሬቱ የነሱ ነዋ" አለችኝና ሳቀች።

ዝናቡ አላባራ ሲል በመኪናዬ ላድርስህ አለች። ነዳጅ ልቀዳልዎት ብል ተቆጣች። ሁለት ማይል ያህል ነው፣ ፕላውደን ደረስን፣ መድረሳችንን ግን እሷ ባትነግረኝ አላውቅም ነበር። ጥቂት ቤቶች፣ አንዲት የካቶሊክ ቤተክርስቲያን፣ ኦኒ የሚባል ትንሽ ወንዝ፣ ፊት ለፊት ሎንግ ሚንድ የሚሉት ረጅም ተራራ፣ ከተራራው አናት ሞተር የሌላቸው አውሮፕላኖች በገመድ ተስበው ተነስተው በነፋስ የሚበሩበት ሜዳ አለ። ድሮ የባቡር ጣቢያም ነበረው፣ መስመሩ ከተከፈተ ትንሽ ሳይቆይ ከስሮ፣ እንደከሰረ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራ ኖሮ በ1935 ተዘጋ። ይሄን ስሰማ ክሩ ላይ ጥሎኝ የሄደውን ባቡር ትንሽ ይቅር አልኩት።

ስሙ የመጣው ከዚህ ሸለቆ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ፕሌጋ ጨዋታ ነው፣ ዴኑ ደሞ ሸለቆ፣ ስለዚህ የጨዋታ ሸለቆ እንደማለት። ምን ዓይነት ጨዋታ ይሁን እንጃ፣ ሜዳውን ሳየው ግን ለገና ጨዋታ ሁለት መንደር የሚያሰልፍ ዓይነት ነው፣ ከወንዙ ዳር ለጥ ያለ። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንግሊዞች ቋሚ የቤተሰብ ስም ሲያወጡ አንዱ በሙያው አንጥረኛ ተባለ፣ አንዱ ባባቱ ስም ተጠራ፣ መሬት ያለው ደሞ በመሬቱ። አንጥረኛ በየመንደሩ ስላለ ስሚዝ አገር ሞላ፣ ፕላውደን የሚባል ቦታ ግን አንድ ስለሆነ ስሙም ብርቅ ሆኖ ቀረ። እኔን ብትጠይቁኝ የኛ ይሻላል፣ የአባቴ ስም ከኔ ጋር አለ፣ የልጄ ልጅ ጋ ሲደርስ ይወጣል፣ ማንም በቅድመ አያቱ መሬት አይኩራራም። (መሬቱ ካለ ግን ማን ይጠላል!)

ፕላውደን ሆል፣ የቤተሰቡ ቤት፣ ዛፍ ውስጥ ነው፣ በኤልሳቤጥ ዘመን ዘይቤ በእንጨት አጽም የተሠራ፣ ቄሶች የሚደበቁባቸው ጉድጓዶች ያሉት። ዛሬም የሚኖሩበት ቤተሰቡ ራሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ በር ማንኳኳት ነውር ነው ብዬ ከመንገድ ላይ ጣሪያውን ለማየት አንገቴን አስግጌ ተመለስኩ። ስምንት መቶ ዓመት አንድ ቦታ! አሮጊቷ የነገረችኝ ምክንያት ለኔ አሳማኝ ነው። ካቶሊኮች እስከ 1829 ድረስ ፓርላማ መግባት አይፈቀድላቸውም፣ ሹመት የለ፣ ቤተ መንግሥት የለ፣ ስለዚህ የበኩሩ ልጅ መሬቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ታናናሾቹ ወይ ይመነኩሳሉ (የእንግሊዝ ኢየሱሳውያን አለቃ የነበረው ቻርልስ ፕላውደን አንዱ ነው) ወይ አገር ጥለው ይሄዳሉ።

አገር ጥለው ከሄዱት አንዱን እኔ ጠንቅቄ ነው የማውቀው። ትልቅ ወሬ የሆነለት ግን ሰር ኤድመንድ ፕላውደን ነው፣ በ1634 ከዛሬዋ ኒውጀርሲ አካባቢ ኒው አልቢዮን የሚባል ግዛት በንጉሥ ቻርተር የተሰጠው። ቨርጂኒያ ድረስ ሄደ፣ የገዛ ሰዎቹ አምጸውበት ደሴት ላይ ጥለውት ሸሹ፣ ሰዎች አግኝተው አዳኑት፣ ግዛቱን ሳይረግጥ አገሩ ተመልሶ ዕዳ ውስጥ ገባ። ስሙ ግን አሜሪካ ቀረ። ዛሬ ፕላውደን የሚባሉት ሰዎች ከእንግሊዝ ይልቅ አሜሪካ ይበዛሉ፣ በተለይ ሳውዝ ካሮላይና፣ ብዙዎቹም ጥቁሮች ናቸው፣ በባርነት ዘመን የጌታ ስም በባሪያው ላይ ሲለጠፍ የመጣ ነው። ይሄን ለአሮጊቷ ስነግራት ዝም አለች፣ ከዛ "እዚህ መጥቶ የጠየቀ አንድም የለም" አለች።

የኛው ዋልተር ደሞ ህንድ ከሄዱት ፕላውደኖች ነው፣ አባቱ የቤንጋል ሹም ነበር። እሱም ካልካታ ቢሮ ቁጭ ብሎ ሰልችቶት፣ በ1843 ሱዌዝ ላይ ከጆን ቤል ጋር ተገናኝተው የአባይን ምንጭ እናያለን ብለው ወደኛ አገር መጡ። ቆንስል ሆኖ በ1849 ከራስ አሊ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፣ ራስ አሊ ውሉ ሲነበብላቸው ክፋት የለውም፣ ጥቅሙም አይታየኝም፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እዚህ አይደርስም እንዳሉት ራሱ ፕላውደን ጽፎታል። ከሳቸው በኋላ ቴዎድሮስን ወደዳቸው። በ1860 ወደ ምጽዋ ሊወርድ ሲነሳ ነው እነ ጋረድ የያዙት፣ የጎንደር ነጋዴዎች ብር አዋጥተው አስለቀቁት፣ ግን ቁስሉ ገደለው። ንጉሡ ሊበቀሉ ዘመቱ፣ ቤልም እዛው ውጊያ ላይ ወደቀ። ቴዎድሮስ በ1862 ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ላይ የሁለቱም ስም አለ፣ መልስ ያጣው ደብዳቤ፣ የመቅደላ ጣጣ ሁሉ የመጣበት።

ይሄን ሁሉ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ አወራሁላት፣ መጥረጊያው መስታወቱን እየጠረገ። ስለ ቆንስሉ ሰምታ አታውቅም። "ነጋዴዎቹ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው?" ነው ያለችው መጀመሪያ። ንጉሡ ከፈሉ ይባላል አልኳት፣ ጥሩ ሰው ናቸው አለች። የሽሮፕሻየር ሰው ሒሳብ አይረሳም መሰለኝ። ክሬቨን አርምስ ድረስ እሷው አደረሰችኝ፣ የትናንቱ ታክሲ እዛው ቆሞ ነበር፣ ሰውየው ሲያየን ጋዜጣውን ከፍ አደረገ።

ለንደን ስመለስ ሌላ ቀን ቴምፕል ቤተክርስቲያን ሄድኩ፣ ፍሊት ስትሪት አጠገብ፣ ጠበቃው ኤድመንድ ፕላውደን እዛ ስለተቀበረ። የቤተሰቡ ዋና ሰው እሱ ነው፣ በ1585 የሞተ፣ ሚድል ቴምፕል የሚባለውን የጠበቆች ማኅበር ትልቁን አዳራሽ ያሠራ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሃይማኖትህን ብትተው የፍርዱን ሁሉ የበላይ አደርግሃለሁ ብላው እምቢ አለ የሚባልለት። መግቢያ ከፍዬ ገባሁ። ሐውልቱ በቀለም ነው፣ ፂሙን አንዠርግጎ፣ እጆቹን ለጸሎት ገጥሞ ተጋድሟል። ስለሱ አንድ ወሬ አለ፣ እንግሊዞች ተረትና ምሳሌ አድርገውታል። አንድ ሰው በድብቅ ቅዳሴ ሰምተሃል ተብሎ ተከሰሰ፣ ፕላውደን ጠበቃው ሆነ። ሲያጣራ ቀዳሹ ቄስ አይደለም፣ ሰውየውን ለማስያዝ ልብሰ ተክህኖ የለበሰ ሰላይ ነው። ፕላውደን ተነስቶ እንግዲህ ጉዳዩ ተለወጠ፣ ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም አለና ሰውየው ነጻ ወጣ። ዘበኛው ደስ የሚል ጎልማሳ ስለመሰለኝ ታውቀዋለህ ወይ ብዬ ከላይ እስከ ታች አወራሁለት፣ እስክጨርስ ጠበቀኝና ሰዓቱን አይቶ ልንዘጋ ነው፣ በዚያኛው በር ውጣ አለኝ።