ውኃ ያልነካ ጀልባ

ዛሬ ሰው ማናገር አላሰኘኝም። ለምን ብትሉኝ ምክንያት የለኝም። አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ይከብዳል። ስልኬን አጥፍቼ ቤት ውስጥ በእጄ የምሠራት ትንሽ የሸራ ጀልባ ጋ ሄድኩ። እንዲህ ሲሆንብኝ እሷ ጋ መቀመጥ ደስ ይለኛል፤ እጅ የሚያስይዝ ሥራ አታጣም።

አሁን ስፌቱ ላይ ነኝ፤ ጣውላዎቿን በሽቦ ማያያዙ ላይ። ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖልሳቶ በልኩ ይቆረጥና ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማል። ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በድሪል ይበሳል። በየቀዳዳው የመዳብ ሽቦ ይገባና በፒንሳ ይጠመዘዛል። መጀመሪያ ላላ ተደርጎ ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ ቀስ እያሉ ማጥበቅ። ዛሬ የቀሩኝ በፊቷ በኩል ያሉት ነበሩ፤ ጎንና ጎኗ የሚገናኙበት፣ እንጨቱ በጣም የሚታገልበት ቦታ።

እዚህ ላይ የሚሆነውን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሲሆን ማየት ግን ሌላ ነው። ፒንሳው አንድ ዙር ሲዞር እንጨቱ ቋ ይላል። ሽቦው ይወጠራል። ትናንት ወለል ላይ ተዘርግቶ የነበረው ጠፍጣፋ ጣውላ ጎኑን እያጎበጠ ይነሳል። ያን ጉብጠት በእጄ አልቀረጽኩትም። ቅስታቸው የማይመሳሰል ሁለት ጠርዞች ግድ ግጠሙ ሲባሉ፣ እንጨቱ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ይጎብጣል። መዳፌን ከፊት ወደ ኋላ አሳለፍኩባት። ዓይን የሳተውን እብጠት መዳፍ ያገኘዋል። አንድም ቦታ አልቆረቆረኝም። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ይህ አሠራር በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ሚረር የተባለችው ትንሽ ጀልባ ስትወጣ ነው። ባሪ ባክኔል በቴሌቪዥን ሰዎች ቤታቸውን በራሳቸው እጅ እንዲያድሱ ያስተምር ነበር። ጃክ ሆልት ደግሞ ጀልባ ነዳፊ ነበር። ሁለቱ ሆነው ተራ ሰው ቤቱ ውስጥ ሊገጣጥማት የሚችል፣ ቀይ ሸራ ያላት ጀልባ አወጡ። ከ70,000 በላይ ተሠርታለች። ስንቱ ሰው እንደኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፒንሳ ይዞ ፊቷ ላይ እንደታገለ ሳስብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ይሰማኛል።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለዚህ አልነበረም። ወይም ነበር፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ወሰደኝ።

ሽቦውን ሳጠብቅ ዓይኔ የእርሳስ ጽሑፍ ላይ አረፈ። ከመቁረጤ በፊት በየጣውላው ላይ የጻፍኩት ነው። «ግራ፣ ፊት።» «ቀኝ፣ ኋላ።» «ይህ ወደ ውስጥ።» እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው። አየሁትና የጥንቷ ግብፅ ንጉሥ የኩፉ አናጢዎች ትዝ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ቀረ።

የኩፉ ጀልባ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1954 ጊዛ ላይ፣ ከታላቁ ፒራሚድ ጎን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ፣ ርዝመቱ 43 ሜትር ያህል። አብዛኛው እንጨት የሊባኖስ ዝግባ ነው። ሲገኝ ጀልባ አልነበረም፤ ተፈታትቶ በሥርዓት የተደረደረ 1,224 ቁራጭ ነበር። እንጨቶቹ ላይ ደግሞ ምልክት አለ። ይህ የግራ ነው፣ ይህ የቀኝ፣ ይህ የፊት፣ ይህ የኋላ። አናጢዎቹ ጽፈው ያስቀመጡት ነው። እኔ እርሳስ ይዤ የማደርገውን፣ ለዚያውም በዚያው ምክንያት።

መልሶ የገጠመው አህመድ ዩሱፍ የሚባል ግብፃዊ የቅርስ ጠጋኝ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው በሕይወት አልነበረም። ስለዚህ በናይል ዳር ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሄዶ እጃቸውን እያየ ተማረ። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። አንዳንዱን ክፍል ገጥሞ፣ አልሆነም ብሎ ፈትቶ፣ እንደገና ገጥሞታል። የዚህን ሰው ትዕግሥት ሳስብ ዝም እላለሁ።

ያም ጀልባ የተሰፋ ነው። ጣውላዎቹን ያያያዛቸው ገመድ ነው። በጣም የሚገርመኝ ገመዱ የሚያልፍበት ቦይ ነው። በጣውላው ውስጠኛ ገጽ ተፈልፍሎ ይገባና እዚያው በውስጥ በኩል ይወጣል። ወደ ውጭ አይበሳም፤ ስለዚህ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ገመድ ሲርስ ይኮማተራል፤ ሁለቱ ተጋግዘው መጋጠሚያውን ያጠብቁታል። ለውኃ ሲባል፣ ውኃን በደንብ በሚያውቅ ሰው የታሰበ ነው።

ሆኖም ያ ጀልባ ውኃ ነክቶ ያውቅ እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከዛሬ አልተስማሙም። ገሚሶቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ናይል ላይ ሄዷል ይላሉ። ገሚሶቹ ከመጀመሪያው ለንጉሡ መቃብር ተብሎ የተሠራ ነው ይላሉ። የኋለኞቹ ልክ ከሆኑ፣ ያ አናጢ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀበር እያወቀ ያን ሁሉ ቦይ በጥንቃቄ ፈልፍሏል ማለት ነው። ማንም በማያየው ቦታ። ውኃ በማይደርስበት ቦታ።

ይቺን ነገር ልተዋት አልቻልኩም። ውኃ ያልነካ ጀልባ ጀልባ ነው?

ጀልባዋን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ሁሌ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ። «መቼ ነው ውኃ የምትገባው?» እኔም ይቺ ስታልቅ፣ ያቺ ስትደርቅ እላለሁ። ውሸት አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን አልቸኮልኩም። ትሰጥማለች ብዬ አይደለም። ብትገለበጥ እንኳ የሚያንሳፍፏት ዝግ የአየር ሳጥኖች ከፊትና ከኋላ አሏት። ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ቤት ውስጥ እያለች ሁሉንም ነገር በገመድና በሜትር ላረጋግጠው እችላለሁ። ወገቧ ከተጣመመ አያለሁ፤ ከጥግ ወደ ጥግ ለክቼ አስተካክላለሁ። ውኃ ላይ የሚፈርደው ግን ሌላ ነው። ነፋሱ ሸራውን የሚገፋበት መካከል አለ። ከሥር የሚወርደው ሰሌዳ ውኃውን ተደግፎ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዝበት መካከልም አለ። ሸራው ከሰሌዳው ይልቅ ወደ ኋላ ካደላ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። ወደ ፊት ካደላ ከነፋሱ ትሸሻለች። ነዳፊዎች ትንሽ ወደ ነፋሱ ብታደላ ይመርጣሉ፤ መሪውን የያዘው ሰው እጁን ቢለቅ ወደ ነፋሱ ዞራ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ። እሷ ግን ምን ዓይነት ጠባይ እንዳላት እኔም እሷም ገና አናውቅም። ባሕርይዋን የምንሰማው ከውኃው ነው።

ምናልባት የማልቸኩለው ለዚህ ይሆናል። አሁን የማውቃት እኔ ነኝ። የትኛው ጣውላዋ ላይ ጉጥ እንዳለ፣ የትኛው ሽቦ እንዳስቸገረኝ አውቃለሁ። ውኃ ስትገባ ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቃት ይመጣል። ይህን ስጽፍ ቅናት ይመስላል። ይሁን፤ ቅናትም ቢሆን የምወዳት ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ኢፖክሲው ነው፤ ፈሳሽ ሆኖ ተቀብቶ የሚጠነክር ማጣበቂያ። በእንጨት ዱቄት ወፈር ተደርጎ መጋጠሚያው ውስጥ ይሞላል፤ ከላዩ የፋይበር ግላስ ጥብጣብ ይነጠፋል። ሲጠነክር ሽቦዎቹ ይወጣሉ፣ ሥራቸውን ጨርሰዋልና። ከዚያ ሰውነቷ በሙሉ በኢፖክሲ ይቀባል። ኢፖክሲ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለ የእርሳስ ጽሑፍ እዚያው ታሽጎ ይቀራል። ስለዚህ ከመቀባቴ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ላጠፋቸው አስቤ ነበር። የሥራ ምልክት ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ ምን ያደርጋሉ?

ዛሬ አንድ በአንድ እያየኋቸው ስሄድ ግን መቀመጫው ላይ የእኔ ያልሆነ ጽሑፍ አገኘሁ። ትንሿ ልጅ ናት። መቼ ገብታ እንደጻፈችው አላውቅም። እርሳሱን በጣም ተጭናዋለች፤ እንጨቱ ሰርጎድ ብሏል። «እዚህ እኔ ነኝ» ይላል። የራሷን ቦታ መያዟ ነው። ማንንም አልጠየቀችም፤ መቼ ውኃ ትገባለችም አላለችኝ።

እሱን እንደማላጠፋው ወዲያው አውቄያለሁ። የተቸገርኩት በላዩ ላይ በሚመጣው ነው። ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም፤ ካልተሸፈነ ይጎዳል። ቀለም በደንብ ይሸፍነዋል፤ ዓመታት ያቆያታል፤ ጽሑፉ ግን ከሥር ይቀራል። ቫርኒሽ ከቀባኋት ጽሑፉ ይታያል፤ ቫርኒሹ ግን ፀሐይ በነካው ቁጥር እየሳሳ ስለሚሄድ ቶሎ ቶሎ ፍቆ እንደገና መቀባት ይጠይቃል። ካዘናጉት ደግሞ ፀሐዩ እንጨቱ ጋ ይደርሳል። የጀልባዋን ዕድሜ ካሰብኩ ቀለም ነው። ልጅቷን ካሰብኩ ቫርኒሽ ነው። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትቀቡ ነበር?