«አያምምም» ማለቱን ተውኩት

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ የጥርስ ሐኪም ሆኜ ሥራ ስጀምር፣ መንጋጋ ጥርሷ የተበላ የሰባት ዓመት ልጅ መጣች። «አያምምም፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳትና ወጋኋት። ጮኸች። ጥርሷ ተሞላ፣ ግን እስክትወጣ ድረስ ቀና ብላ አላየችኝም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይቆረቁረኛል።

የኛ ልጅ ገና ክሊኒክ ሳይመጣ መርፌን የሚያውቃት እንደ ቅጣት ነው። «ዝም ካላልክ መርፌ አስወጋሃለሁ» እየተባለ ነው ያደገው። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የማናግረው እናትየውን ነው። «እህቴ፣ እጁን ያዢለት፤ ግን መርፌ የለም እንዳትይው» እላታለሁ። ለልጁ ደግሞ እውነቱን እነግረዋለሁ፦ «ጥርስህን ላስተኛት ነው። ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ ከዚያ ይለቅሃል። እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ።» ሲያነሳም የምሬን አቆማለሁ! አንዱ ልጅ ሦስት ጊዜ አነሳ፣ ሦስቴም አቆምኩ። በአራተኛው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ራሱ በሶማሊኛ «ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ» እያለ መቁጠር ጀመረ። ቆጥሮ ሳይጨርስ መርፌዋ ገብታ ወጣች።

ድሮ የማደንዘዣውን ጄል ቀብቼ ወዲያው ነበር የምወጋው። ጄሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ድዱን በጎዝ አደርቃለሁ፣ ምራቅ ካለ ታጥቦ ይሄዳላ፤ ከዚያ ትንሽ እቀባና ሁለት ደቂቃ ያህል ስለ ኳስ እናወራለን። ደግሞ በድሬ ሙቀት ካርትሪጁን፣ ማለትም የሚወጋው ማደንዘዣ ያለበትን ትንሽ ብልቃጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። እንደቀዘቀዘ እንዳይገባ ቀደም ብዬ አውጥቼ መዳፌ ውስጥ አቆየዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ለውጥ ያየሁት ግን ቀስ በማለት ነው። የሚያሳምመው የመርፌዋ ጫፍ ብቻ አይደለም፤ ፈሳሹ በጉልበት ሲገፋ ሥጋውን ይወጥረዋል። አንድ ካርትሪጅ 1.8 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ሙሉውን ስሰጥ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጅብኛል። ወረፋ ቢኖርም ይፈጃል። እየወጋሁ በሌላው እጄ ጉንጩን ወጠር አድርጌ ነቅነቅ አደርገዋለሁ። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ያስረዱት ይህንን ነው፤ ንክኪው የሕመሙን መልእክት ገና መንገድ ላይ ሳለ ያዳክመዋል። ልጅ ሲወድቅ እናቱ የተመታውን ቦታ እሽት እሽት የምታደርግለት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሚዛን ላይ ሳላወጣው ግን አልወጋም። ማደንዘዣው ሊዶኬን ይባላል፤ የ2 በመቶው አንዱ ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ የልጅ ጣሪያው ደግሞ በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም። ለ15 ኪሎ ልጅ ሁለት ካርትሪጅ እንኳ አይሞላም።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት በማግስቱ ከንፈሩ ያበጠ ልጅ ይዛ መጣች። የደነዘዘውን ከንፈሩን ሲያኝክ ውሎ ነው። አልነገርኳትም ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ልጁ ከወንበሩ ሳይወርድ መስታወት አሳየዋለሁ፣ ከንፈሩን በጣቱ ይነካካል፣ ይገርመዋል። እናቱን ደግሞ በር ላይ ያለውን ሳምቡሳ ሁለት ሦስት ሰዓት እንዳታቀምሰው አደራ እላታለሁ።