ሁለት ዓመት በኢቤይ ጨረታ፦ የምኒልክ ብር፣ ሚዛን እና አንድ ብርጭቆ ውሃ

ትናንት ማታ አንድ አላድ (የምኒልክ ብር ግማሽ) በክር አንጠልጥዬ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ሚዛኑ 1.37 አለ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆና «ደግሞ ምን ገዛህ?» አለች። መልሱ ረጅም ስለሆነ እዚህ ልጽፈው።

የድሮ የኢትዮጵያ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምኒልክ ብር፣ አላድ፣ አልፎ አልፎም ማርያ ትሬዛ (በኦስትሪያዋ ንግሥት ስም የሚጠራው ጠገራ ብር)። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ሰፈር እንጀራም ቡናም ሞልቷል፤ የምኒልክ ብር የሚሸጥ ሱቅ ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ገበያዬ ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት መገበያያ ሆነ። እስካሁን 17 ገዝቻለሁ። ከ17ቱ 4ቱ ፎርጅድ ነበሩ። የሦስቱን ገንዘብ አስመልሻለሁ። አራተኛውን እንደ ትምህርት ቤት ክፍያ ቆጥሬ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ቶሎ ልለፋቸው፤ ማስታወሱም ደስ አይልም። አንድ ማርያ ትሬዛ በ40 ዶላር አሸነፍኩ። ማጓጓዣው 28 ዶላር መሆኑን ያየሁት ካሸነፍኩ በኋላ ነው። ሻጩ «ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው» ብሎ ጽፎ ነበር፤ እሱንም አመንኩ። ጠገራው ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ያው 1780 እየተጻፈበት ሲታተም ኖሯል። ቪየና ዛሬም ታትመዋለች። የኔው ጠገራ በዕድሜ ከኔ ሊያንስ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። የምኒልክ ብር ገዛሁ። ፎቶው ላይ ከዘውዱ በላይ ትንሽ ጥላ ነበረች። ሲደርሰኝ ጥላ አልነበረችም። ብሩ ማንጠልጠያ ተበይዶበት የአንገት ጌጥ የነበረ ነው። አንድ ሰው ማንጠልጠያውን ነቅሎ ጠርዙን ሞርዶታል። ለሰብሳቢ እንዲህ ያለ ብር ዋጋው ብዙ ይወርዳል። አያቴ ራሷ አንገቷ ላይ እንዲህ ያለ ጠገራ ነበራት፤ ጠርዙን ማየት የነበረብኝ ከማንም በፊት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የጠርዝ ፎቶ የሌለው ዕቃ ላይ አልጫረትም። (እናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ እሱ አይደል እንዴ እውነተኛው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።)

አሁን ስለ መጫረት። መርካቶ ያደገ ሰው እዚህ ይሸወዳል። መርካቶ ላይ ነጋዴው ከላይ ይጠራል፣ እኛ ከታች እንጀምራለን፣ ተጨቃጭቀን መሃል ላይ እንገናኛለን። የመጨረሻ ዋጋውን ቀድሞ የተናገረ ተበላ። ኢቤይ ላይ የመጨረሻ ዋጋችሁን የምትነግሩት ለሻጩ ሳይሆን ለኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ምስጢር ይጠብቃል። ዋጋው 95 ዶላር ላይ ቆሞ እናንተ 180 ብትጽፉ 180 አይወሰድባችሁም። ሌላው ተጫራች ጣሪያው 120 ከሆነ እናንተ 122.50 ከፍላችሁ ትወስዳላችሁ፤ በዚያ ደረጃ የአንድ እርምጃ ጭማሪ 2.50 ነውና።

ይህን ሳላውቅ አምስት ወር ሙሉ በአንድ ዶላር በአንድ ዶላር እየጨመርኩ ተሟገትኩ። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ፣ ዓይኔ ሳይገለጥ፣ ስልኩን ይዤ ከማላውቀው ሰው ጋር እልህ ተጋባሁ። በዚያ ሰዓት ብሩን እየገዛችሁ አይደለም፤ ሰውዬውን ለማሸነፍ እየከፈላችሁ ነው። አሁን ጣሪያዬን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ጨረታው ሊዘጋ አሥር ሰከንድ ሲቀረው ዋጋዬን አንድ ጊዜ ብቻ እጥላለሁ። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ ሰዎች አሉ። አልስማማም። በተለመደው የኢቤይ ጨረታ የመዝጊያው ሰዓት አይራዘምም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ቀድሞ መጣል ያለው ጥቅም ሌሎችን መቀስቀስ ብቻ ነው።

ጣሪያውን ከየት ታመጣላችሁ? የተሸጡ ዕቃዎችን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ተጠቀሙ፤ ያለፉትን 90 ቀናት ያሳያል። ገና ያልተሸጠ ዕቃ ላይ የተለጠፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። ሌላው ሂሳብ ደግሞ የብሩ የራሱ ዋጋ ነው። አንድ የምኒልክ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ 83.5 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። ወደ 23.4 ግራም ማለት ነው። በዚያን ቀን የአንድ ግራም ብር ዋጋ አባዙት። አንድ ሰው ከዚያ በታች «አሁኑኑ ግዛ» ካለ ቸርነቱን ተጠራጠሩት። አቅልጦ ቢሸጠው ይሻለው ነበር እኮ!

ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። ፎርጅድ።

የመጀመሪያው ፎርጅድ ያታለለኝ በማማሩ ነው። ጥቁርጥቁር ያለ፣ ያረጀ መልክ ያለው፣ ፊደሉም የሚነበብ ነበር። እኛ አማርኛ አንባቢዎች እዚህ ላይ ከሌሎቹ ሰብሳቢዎች አንድ እርምጃ እንቀድማለን፤ ፲፰፻፹፱ን ማንበብ እንችላለን። የዓመቱን ወጥመድም እናውቃለን። ብሩ ላይ ያለው 1889 በኛ አቆጣጠር ስለሆነ ለፈረንጅ 1897 ነው። ፓሪስ ላይ የታተመ ነው። እኔም በዚህ ዕውቀቴ ተኮፍሼ ተሸወድኩ። ሲደርሰኝ አጉሊ መነጽር ይዤ «ምኒልክ» የሚለውን አየሁ። የ«ኒ» እግር ላይ ያለችው ጭረት የለችም፤ «ምነልክ» ሆኗል። የተቀረጸው ፊደሉን በማያውቅ እጅ መሆን አለበት። ማግኔት ሳስጠጋው ደግሞ ተሳበ። ብር በማግኔት አይሳብም።

ሁለተኛው ግን ፊደሉ ሙሉ ነው። ማግኔትም አይስበውም። እዚህ ላይ ነው ሚዛን የገዛሁት። 15 ዶላር የማይሞላ፣ ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን። እውነቱን ልናገር፦ ከገዛኋቸው 17 ብሮች ሁሉ የምወደው ይህን ሚዛን ነው። መዛባቱን ለማወቅ የተለየ ድንጋይ አያስፈልግም። አንድ የአሜሪካ ኒኬል በትክክል 5 ግራም ነው። ስትጭኑት 5.00 ካለ ሚዛኑ ደህና ነው። ያረጀ ኒኬል አትጠቀሙ፤ እየተፋቀ ይቀላል።

ፎርጅዱን ስጭነው 26.4 አለ። ከ28 መጉደሉ ብቻ አያስፈርድም፤ ብዙ እጅ የነካው ብር ያልቃል። ስለዚህ ውሃው መጣ።

እንዲህ ነው። ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ትንሽ ብርጭቆ ታስቀምጣላችሁ። ሚዛኑን ዜሮ ታደርጋላችሁ። ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ትሰቅሉታላችሁ። ታችም ጎንም እንዳይነካ። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክሩን እርሳስ ላይ አስሩትና እርሳሱን ከሚዛኑ ውጭ ባሉ ሁለት መጻሕፍት ላይ አጋድሙት። (እኔ እስከ ሦስተኛው ሙከራ በእጄ ስይዝ ነበር። ቁጥሩ እንደ ልብ ትርታ ይዘላል።) ብሩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለ በመርፌ አስወግዱት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ብሩ የገፋውን ውሃ ነው። የብሩን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍሉት፤ ብሩ ከእኩል መጠን ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግራችኋል።

እውነተኛ የምኒልክ ብር 10.2 አካባቢ ይሰጣል። 28.07 ግራም ከሆነ ውሃው 2.75 ይላል ማለት ነው። የኔው 26.4 ግራም ውሃው ላይ 3.1 አለ። 8.5 መጣ። ነሐስ ነው፣ ወይም ሌላ የመዳብ ቅይጥ፤ ብር ግን አይደለም። የትናንቱ አላድ 14.02 ግራም ነበር፣ ውሃው 1.37። 10.2! ለዚህ ነው ያጨበጨብኩት።

ይህ ሁሉ ግን ከገዙ በኋላ ነው። ከመግዛት በፊት ምን ይደረግ? እኔ ለእያንዳንዱ ሻጭ አንድ መልእክት እልካለሁ፦ «ብሩን ሚዛን ላይ አድርገህ፣ አጠገቡ የዛሬን ቀን በወረቀት ጽፈህ ፎቶ ብትልክልኝ?» ቀኑ የሚያስፈልገው ፎቶ ከሌላ ሰው ስለሚሰረቅ ነው። እውነተኛ ሻጭ በአንድ ቀን ይልካል። ሚዛን የለኝም ያለ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ የአያቱን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሚዛን ከየት ያመጣል? ነገር ግን መቶ ጊዜ ገንዘብ የሸጠ ነጋዴ ሚዛን የለኝም ካለኝ ገጹን እዘጋለሁ።

ስለ ሻጭ አስተያየት አንድ ነገር ብቻ ልበል። 99 በመቶ የሚለውን ቁጥር ተዉት፤ መጥፎዎቹን ብቻ አውጥታችሁ አንብቡ። ከፎርጅዶቼ አንዱን የሸጠልኝ ሰው 600 ጥሩ አስተያየት ነበረው። ሁሉም በስልክ መሸፈኛ ላይ የተሰጡ ናቸው። ሻጩን ለመርዳት ብሎ ዋጋ የሚያስወጣ ሰው ከጠረጠራችሁ ደግሞ የተጫራቾቹን ዝርዝር ክፈቱ። የአንዱ ተጫራች እንቅስቃሴ መቶ በመቶ ከዚያው ሻጭ ጋር ከሆነ የአጎት ልጅ ይሸታል። ሁልጊዜ አይደለም። ግን እኔ እወጣለሁ።

ገንዘብ የማስመለሱ ነገር እንደሚፈራው አይደለም። ዕቃው ከደረሰ 30 ቀን አላችሁ። «እንደተገለጸው አይደለም» ብላችሁ ክፈቱ፤ ሻጩ ሦስት የሥራ ቀን አለው፤ ዝም ካለ ኢቤይ እንዲገባበት ጠይቁ። እኔ ጥቅሉን ስከፍት በቪዲዮ እቀርጻለሁ። የሚዛኑንና የውሃውን ቁጥር ፎቶ አያይዛለሁ። አንደኛው ሻጭ «ክሱን ዝጋልኝና ገንዘቡን ለብቻው እልክልሃለሁ» አለኝ። አልዘጋሁም። መሳቢያ ውስጥ የቀረው አራተኛው ታዲያ? እሱን ከኢቤይ ውጭ ነው የገዛሁት። ሻጩ «ኮሚሽኑን እንተርፋለን፣ 20 ዶላር እቀንስልሃለሁ» አለ። በፔይፓል ለወዳጅ ዘመድ በሚላክበት መንገድ ላክሁለት። ያ መንገድ ለገዢ ምንም ጥበቃ የለውም። ለ20 ዶላር ስል 130 ከፈልኩ። ባለቤቴ እስካሁን የምታውቀው 17ቱን ሳይሆን 16ቱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ ልትቆጡኝ ትችላላችሁ። የብራና መጽሐፍና የቤተ ክርስቲያን መስቀል ላይ አልጫረትም። ሻጮቹ «ከአገር የወጣው ድሮ ነው» ይላሉ። ድሮ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። ገንዘብ ለመዞር የተሠራ ነገር ነው። ብራና አይደለም።

ለፍለጋ የምወደው ዘዴ ይኸው፦ ኢትዮጵያ ብላችሁ ብቻ አትፈልጉ። «አቢሲኒያ» ብላችሁ ሞክሩ። የምኒልክን ስም በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት አጻጻፍ አስገቡ። «የማይታወቅ የአንበሳ ገንዘብ» የሚል አላውቅም ባይ ሻጭም አለ። የትናንቱን አላድ ያገኘሁት ከአረብ ሳንቲሞች ጋር ተደባልቆ ነው። ከኔ በቀር አንድ ሰው ብቻ ተጫረተ።

እና አሁን ኑዛዜው። ይህን ሁሉ ደንብ ከጻፍኩ በኋላ ባለፈው እሑድ አንድ የምኒልክ ግርሽ አየሁ። ትንሽዬ፣ የምታበራ፣ አንበሳው ጥርት ያለ። ሚዛን አልጠየቅኩም። የጠርዝ ፎቶ አልነበረም። ጣሪያዬን 45 ብዬ ጽፌ በ61 አሸነፍኩ። ግርሽ 1.4 ግራም ናት፤ የምትገፋው ውሃ 0.14 ብቻ ነው። በኔ ሚዛን አንዲት አረፋ ውጤቱን ታበላሸዋለች። ውሃው አይረዳኝም። ማግኔቱና አጉሊ መነጽሩ ብቻ ቀርተዋል።

ሐሙስ ይደርሳል ይላል።