ቴለንጅ ቁስል ያድናል? እንዴት እንደፈተንኩት

ለማስተርስ ጥናቴ ቴለንጅን የመረጥኩት ብርቅ ተክል ስለሆነ አይደለም። አጥር ሥር የሚበቅል፣ ፍሬው ልብስ ላይ እየተሰካ የሚያስቸግር አረም ነው። ገጠር ያደገ ሰው ሲቆረጥ ቅጠሉን አሽቶ እንደሚይዝበት ያውቃል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቁስል በራሱም የሚድን መሆኑ ነው። ቅጠሉ ባይደረግበት ኖሮ በስንት ቀኑ ይሽር ነበር? ይህ ሳይታወቅ «ቅጠሉ አዳነኝ» የሚለው ቃል ከልብ ቢነገርም ማስረጃ አይሆንም።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አንድ አዛውንት የባህል ሐኪም አነጋገርኩ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ቁስሉ በፈላ የጨው ውሃ ይታጠባል፤ ቅጠሉ ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ። የጥናቱ ንድፍ ከዚህች አባባል ወጣ ብል አላጋነንኩም። ትልቁን ሥራ የሚሠራው መታጠቡ ከሆነስ? የምፈትነው ከቅጠሉ የተሠራ ቅባት በአይጦች ቁስል ላይ በመቀባት ነበር፤ ስለዚህ ከቅባቱ በቀር ሁሉም ነገር ለሁሉም አይጦች አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት።

ተክሉን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና ማከማቻ) አስለይቼ ናሙና አስቀመጥኩ። ቅጠሉን በጥላ አድርቄ ከፈጨሁ በኋላ ሜታኖል በተባለ አልኮል (80 በመቶ) ለ72 ሰዓት ዘፈዘፍኩት፤ ከዚያ አጣርቼ ሜታኖሉን አተነንኩ። የቀረውን ጥቁር አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በቫዝሊን፣ በበግ ሱፍ ስብና በፓራፊን ከተሠራ ቅባት ጋር በ5 እና በ10 በመቶ መጠን ለወስኩት። አንዱ የአይጥ ምድብ 5 በመቶውን፣ ሌላው 10 በመቶውን፣ ሦስተኛው ናይትሮፉራዞን የተባለውን የታወቀ ፀረ ባክቴሪያ ቅባት ተቀባ። አራተኛው ምንም ተክል የሌለበትን ባዶ ቅባት ብቻ አገኘ። ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ አስፈላጊው ምድብ ይህ አራተኛው ነው፤ ሌሎቹ የሚመዘኑት በእሱ ነውና።

አይጦቹ በኬታሚን ከደነዘዙ በኋላ ጀርባቸው ተላጭቶ ክብ ቁስል ተደረገላቸው። አብረው ከዋሉ አንዱ የሌላውን ቁስል ስለሚልስ እያንዳንዳቸው ለብቻ ኬጅ ገቡ። ልኬቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ፕላስቲክ ቁስሉ ላይ አሳርፎ ዳሩን በቀጭን ማርከር መከተል፣ ከዚያ ፕላስቲኩን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ አድርጎ ካሬዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ማርከሩ ከዳር ትንሽ ወደ ውስጥ ከገባ ቁስሉ የጠበበ ይመስላል፤ እጅ ደግሞ ልብ ወደሚመኘው ያዘነብላል። ስለዚህ ኬጆቹን በኮድ የሰየመው የክፍል ጓደኛዬ ነው። ከየትኛው ምድብ እንደሆኑ ሳላውቅ ቆጠርኩ። ይህን ሥራ ለሚጀምር ሁሉ አጥብቄ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ኮዱ ሲፈታ 10 በመቶው ከባዶው ቅባት ቀድሞ ሲጠብብ ታየ። ልዩነቱ የጎላው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ቅርፊቱ ወደሚወድቅበት ጊዜ ሲደርስ ባዶውም እየደረሰበት ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ግን የአይጥ ቆዳ ከሥሩ ባለ ስስ ጡንቻ የተነሳ ቁስሉን በአብዛኛው ጎትቶ ይዘጋል። የሰው ቁስል ይበልጡን የሚድነው ሥጋ ሞልቶ፣ ከዳር አዲስ ቆዳ እየለበሰ ነው። ቁስሉን ዙሪያውን በቀለበት ወጥሮ መያዝ መጎተቱን ስለሚቀንስ የሚቀጥለውን ሙከራ በዚያ መንገድ ነው የማስበው።

ሌላው ጉዳይ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሠራ አለመለየቱ ነው። ጭማቂው ውስጥ ተክሎች የሚሠሯቸው ብዙ ውህዶች አሉ፦ ታኒን አለ፣ ፍላቮኖይድ አለ፣ ሳፖኒን አለ። እዚህ ላይ አጣጥ የተባለው ቁጥቋጦ ታሪክ ያበረታኛል። ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ዝርያ በ1972 እ.ኤ.አ. ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ተለየ። የካንሰር ሕዋስ ቢገድልም ብቻውን ሲሰጥ መርዛማነቱ በረታ። ተዋጽኦው የካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ጋር ተያይዞ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ቅጠል ላይ ተስፋ ያየ ተማሪ ይህን ርቀት ቢያውቅ አይቸኩልም።

ብዙ ሰው «ታዲያ ልቀባው?» ይለኛል። አይሆንም። የእኔ ቅባት የተሞከረው በንጹሕ ላብራቶሪ፣ በጤነኛ አይጥ፣ በትኩስ ቁስል ላይ ነው። ከመሬት የተለቀመ ቅጠል የቴታነስ ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የወጣ ቁስል ደግሞ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለበት በዚያው ቀን ነው።