ግማሹ ቢሮ፣ ግማሹ ቤት ሲሆን ስብሰባው እንዴት ይሁን?

ገሚሱ ሠራተኛ ቢሮ እየገባ ገሚሱ ከቤት በሚሠራበት ድርጅት መጀመሪያ የሚበላሸው ስብሰባ ነው። ቢሮ ያሉት ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አንድ ላፕቶፕ ይከፍታሉ። ቤት ያለው ባልደረባ ላፕቶፑ አጠገብ የተቀመጠውን በደንብ ይሰማል፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለው ሲናገር ግን የሚደርሰው ጉርምርምታ ነው። ከማይኩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እዚያው ነው። ከቤት የሚሠራው ሰው «ምን አላችሁ?» እያለ ሁለት ሦስቴ ይጠይቅና ይሰለቸዋል፣ ዝም ይላል። ከዚያ «እሱ እኮ ስብሰባ ላይ አይሳተፍም» ይባላል። ይህ ትልቅ በደል ነው።

በጀት ካለ ለስብሰባ የተሠራ ስፒከርና ማይክ አንድ ላይ ያለው መሣሪያ ገዝቶ ጠረጴዛው መሀል ማስቀመጥ ነው። ከሌለም መላ አለው፦ አንድ ሰው እንኳ ከርቀት የሚገባ ከሆነ ሁሉም በየጠረጴዛው ሆኖ በየራሱ ላፕቶፕና ኢርፎን ይግባ፤ የማይናገር ሰው ማይኩን ይዝጋ። የግድ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ማይክም ስፒከርም የሚከፈተው በአንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ያለ ድምፅ ይገባሉ። ይህ ካልተጠበቀ ከአንዱ ስፒከር የወጣው ድምፅ በሌላው ማይክ ተመልሶ ይገባና ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይፈጠራል።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ቪዲዮ ይሁን። ድምፅ ብቻ በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት በታች ይበቃዋል፤ በሰዓት ቢሰላ 40 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ቪዲዮ ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ይበላል። በሞባይል ዳታ የሚገባን ሠራተኛ «ካሜራህን ክፈት» ማለት ፓኬጁን ከኪሱ ማስጨረስ ነው፤ ካሜራው የግድ ካስፈለገ ድርጅቱ የዳታውን ይክፈል።

አዲስ አበባ ላይ ከኔትወርኩ እኩል የሚያስቸግረው መብራት ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ግን የለውም። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ከራሱ ባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ፣ ይህን ይፈታል። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) የሚል ከተጻፈበት ብዙውን ጊዜ የተሰላው በ3.7 ቮልት ስለሆነ ውስጡ ያለው 37 ዋት ሰዓት ነው፤ 10 ዋት የሚወስድ ራውተርን 3 ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ቮልት አንብቡ፤ ባለ 9 ቮልቱን 12 ላይ መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል። የፋይበሩ ሳጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ እሱም ዩፒኤሱ ላይ መሰካት አለበት። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ዋይፋዩ እየታየ ኢንተርኔት የለም።

የስብሰባ ሰዓት ሲጻፍ «3 ሰዓት» ብሎ መተው ያጋጫል፤ በተለይ ዋሽንግተን ያለ ባልደረባ ካለ። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በካሌንደር 9:00» ብላችሁ ጻፉ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት የሚደረግ ስብሰባ እዚያ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ለሁለቱም ወገን የሚሆነው ይኸው ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ማኪያቶ እየተጠጣ የሚወሰን ውሳኔ ነው። ሥራ አስኪያጁና ሁለት ሰዎች ኮሪደር ላይ ይስማማሉ፤ ቤት ያለው የሚሰማው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ደንቡ አጭር ይሁን፦ ያልተጻፈ ውሳኔ አልተወሰነም። ሁሉም በሚያየው አንድ ሰነድ ላይ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚሠራውና መቼ እንደሚያልቅ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ለምሳሌ «የዋጋ ማቅረቢያው ይከለስ፤ ግዥ ክፍል፤ እስከ ሐሙስ 9 ሰዓት»። ቴሌግራም ግሩፕ ለማስታወቂያ እንጂ ለማኅደር አይሆንም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ውሳኔው በ«እሺ» እና በ«እንኳን አደረሳችሁ» መልእክት ይቀበራል።

ቤት ያለ ሰው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው ማለትም አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ገድቦታል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሐሳብ የመጣላችሁ አለቆች መልእክቱን ጻፉትና ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ያዙ፤ ለጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቀጥሩት።